ከእናትሽ 41 ይልቅ የእህትሽ 14 አስደንግጦኛል

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ዶክተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ለጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ኬሞዋን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን ሌትሮዞል የሚባል የሆርሞን መድኃኒት ትውጣለች። ባለፈው ዓመት ሲኤ 15-3 የሚባለው የደም ምርመራ 22 ነበር። በቀደም ሌላ ላብራቶሪ ስናሰራ 41 ሆኖ በቀይ ተጽፎ መጣ። ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ የለም። የ36 ዓመቷ እህቴ ደግሞ ጡቷ ላይ ጠንካራ ነገር ካገኘች ሦስት ወር ሆናት። ያንኑ ምርመራ ተሰርታ 14 ሲሆንላት ‹ነጻ ነኝ› ብላ ሐኪም ጋ መሄዱን ተወችው። ባዮፕሲ፣ ማለትም በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ካንሰሩን ይበትነዋል ብላም ትፈራለች። ለመሆኑ ካንሰር መኖሩን ወይም መመለሱን አስተማምኖ የሚናገር የደም ምርመራ አለ? አሜሪካ ያለው ወንድማችን አዲስ ምርመራ መጥቷል፣ ልክፈልላችሁ እያለን ነው።»

እህቴ፣ በጣም የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። እናንተን ያስፈራችሁ የእናትሽ 41 ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የእህትሽ 14 ነው። ጡት ላይ ጠንካራ ነገር እየተዳሰሰ በደም ምርመራ ብቻ «ነጻ ነኝ» ማለት አይቻልም። ቁጥሩ 14 ሆነ 4 ሆነ ለውጥ የለውም። የቀረውን ሳታነቢ አሁኑኑ ደውይላት። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጡቷንና ብብቷን ዳስሶ እንዲያያትና አልትራሳውንድ እንዲሰራላት ቀጠሮ ያዢላት። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንዲገባሽ ሲኤ 15-3 ምን እንደሚለካ ልንገርሽ። ብዙ ሰው ስሙ ላይ ያሉትን ቁጥሮች የበሽታው ደረጃ አድርጎ ይወስዳቸዋል። አይደሉም። ምርመራው የተሰራው በሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ነው፤ አንዱ 115ዲ8፣ ሌላው ዲኤፍ3 ይባላል፣ 15 እና 3 የመጡትም ከእነሱ ነው። የሚለካው መክ1 የሚባል ፕሮቲን ሲሆን ይህ ፕሮቲን ጤነኛ ሰውም አለው። የወተት ቧንቧዎች ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ሳንባ ውስጥ፣ ቆሽት ውስጥ፣ ማህፀን ውስጥ ይገኛል። ጤነኛ ሴል ፕሮቲኑን የሚያወጣው ወደ ቧንቧው ክፍት ቦታ ብቻ ስለሆነ ወደ ደም የሚያልፈው ትንሽ ነው። የካንሰር ሴል ግን አቅጣጫ አያውቅም፤ በሁሉም ጎኑ ያወጣዋል፣ ቁርጥራጩም ደም ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ይህ ቁርጥራጭ ከጤነኛው ሰውነት ከሚወጣው በልጦ እንዲታይ ካንሰሩ ራሱ ብዙ መሆን አለበት። ገና ጡት ውስጥ ብቻ ያለ ትንሽ ዕጢ ያን ያህል አያወጣም።

በቁጥር ስናየው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ካንሰሩ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከሚገኝባቸው ሴቶች ውስጥ ሲኤ 15-3 ከፍ ብሎ የሚታየው ከ10 በአንዷ ገደማ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ከ10 በሁለቱ ገደማ ነው። ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ በተሰራጨባቸው ላይ ግን ከ10 ሰባት ስምንቱ ከፍ ይልባቸዋል። ስለዚህ ምርመራው ካንሰሩን በደንብ የሚያየው፣ ጠራርጎ ለማዳን የሚመቸው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው) ባወጣው መመሪያ ሲኤ 15-3ን፣ ወንድሙን ሲኤ 27.29ን እና ሲኢኤ የሚባለውን ሌላ የደም ምርመራ ካንሰር ለመፈለጊያ አትጠቀሙባቸው ያለው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ 15-3 እና 27.29 የሚለኩት አንዱን ፕሮቲን ነው፤ ሁለቱንም አሰሩ ብትባሉ ለአንድ ነገር ሁለቴ እየከፈላችሁ ነው። ሲኢኤ ደግሞ ሲጋራ በማጨስ ብቻ ከፍ ይላል።

እኔን የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። «ሙሉ የካንሰር ምርመራ በአንድ ጠብታ ደም» እየተባለ በፓኬጅ ይሸጣል። ጤነኛ ሴት ትሄዳለች፣ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይልና ወር ሙሉ ትሰቃያለች። እብጠት ያለባት ትሄዳለች፣ ኖርማል ይላታል፣ ስድስት ወር ትተኛለች። ሁለተኛዋን ናት ቆይቼ እኔ ክፍል የማገኛት። ወረቀቷን በፕላስቲክ ከታ፣ አጣጥፋ ይዛ «ዶክተር፣ ደሜ እኮ ነጻ ነበር» ትለኛለች። ያን ወረቀት ስቀበል የምለው ይጠፋብኛል።

ወደ እህትሽ ልመለስ። በ36 ዓመት ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ጉዳት የሌለው ዕጢ ሊሆን ይችላል። ውሃ የቋጠረ ሲስት ሊሆን ይችላል። ይህን ንገሪያት፣ ፍርሃቷን ያቀልላታል። ግን ካንሰር አለመሆኑን የሚያረጋግጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሐኪም እጅ፣ ምስል እና ናሙና። በእሷ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን ከማሞግራም፣ ማለትም ከጡት ራጅ፣ ይልቅ አልትራሳውንድ ይቀድማል። ከአልትራሳውንዱ በኋላ ሐኪሙ ከተጠራጠረ ወፈር ባለ መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ቦታው ይደነዝዛል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ያን ዕለት ቤቷ ትመለሳለች። የእናታችሁ ታሪክ ስላለም «ትንሽ ጠብቀን እንየው» የሚላት ካለ ለምን ብላ ትጠይቅ።

ብረት ከነካው ይበተናል የሚለውን ወሬ ከየትም እንዳላመጣችው አውቃለሁ። ሁላችንም ሰምተነው ያደግነው ነው። እንዴት እንደተፈጠረም ይገባኛል። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ ናሙና ሲወሰድላቸው በሽታው አስቀድሞ ሄዷል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲብስባቸው ጎረቤት የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። መርፌው ግን በሽታውን አልበተነውም። የበተነው ከመርፌው በፊት የነበረው ጊዜ ነው። እህትሽ ጸበል መሄድ ከፈለገች ትሂድ፣ እኔ አልከለክላትም፤ አልትራሳውንዱን ግን ለጸበሉ ብላ አታቆየው። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይቻላሉ።

ናሙና ከተወሰደ አንድ ነገር አደራ። እኛ አገር ናሙናውን በጠርሙስ ይዞ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናው ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ፣ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን መሆኑን ጠይቂ። ውሃ ወይም ግሉኮስ ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ይበላሻል። ስሟ በትክክል መጻፉን እዪ። ቦርሳ ውስጥ አስቀምጠሽ ሰኞ አደርሰዋለሁ አትበይ፣ በዚያው ቀን አድርሺው። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ መድኃኒት የሚመረጠው የካንሰሩን ዓይነት በሚለዩት ኢአር፣ ፒአር (የሆርሞን ተቀባዮች) እና ሄር2 (አንድ ፕሮቲን) በሚባሉት ምርመራዎች ነው፤ እነሱ የሚሰሩት ከዚያው ሥጋ ላይ ነው። ናሙናው ከተበላሸ እነሱም ይሳሳታሉ፣ የሚጠቅማትን መድኃኒት ልትነፈግ ትችላለች።

አሁን እናትሽ። 41 ምንም አይደለም ብዬ አልዋሽሽም። የብዙ ላብራቶሪዎች የላይኛው ወሰን ከ25 እስከ 30 ባለው ውስጥ ነው፣ 41 ከዚያ በላይ ነው። ከ22 ወደ 41 መሄድም ትንሽ ጭማሪ አይደለም። በልምድ ከሩብ በላይ ከጨመረ እናስተውለዋለን፣ ያውም በሁለተኛ ምርመራ ከተረጋገጠ። የእናንተ ችግር እዚህ ጋ ነው፤ 22 ያለው አንድ ላብራቶሪ፣ 41 ያለው ሌላ ላብራቶሪ ነው። ማሽኑ ሲለያይ ያው ደም የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጨመረ ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላ 22 ያለው ላብራቶሪ ተመልሳችሁ ድገሙት። ከዚያ በኋላም ላብራቶሪ አትቀያይሩ። እናትሽ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገሩ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቁጥሩን በውሸት ዝቅ ስለሚያደርገው ከምርመራው በፊት ያቋርጡት ይሆናል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለዚህ ጉዳይ በ2017 አስጠንቅቋል።

ካንሰር ሳይኖር ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉም አሉ። ዋናው ጉበት ነው። እነዚህን ፕሮቲኖች ከደም የሚያጸዳው ጉበት ስለሆነ ሄፓታይተስ ያለበት ወይም ጉበቱ የጠነከረ ሰው ሲኤ 15-3 ይጨምርበታል። ሄፓታይተስ ቢ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ እናትሽ ኬሞ ሳይጀምሩ ተመርምረው እንደነበር መዝገባቸውን እዪ። የቢ12 እጥረትም ከፍ ያደርገዋል፣ ይህ ለጿሚ እናቶች የሚታሰብ ነው። ስለዚህ ከድጋሚው ጋር አብረው የሚሰሩ ርካሽ ምርመራዎች አሉ፤ የጉበት ምርመራ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ (ከጉበትና ከአጥንት የሚወጣ ኢንዛይም)፣ ካልሲየም፣ ሙሉ የደም ቆጠራ። ካንሰሩ አጥንት ወይም ጉበት ላይ አርፎ ከሆነ ብዙ ጊዜ እነዚህም ላይ ፍንጭ ይኖራል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከቁጥሩ በላይ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። እናትሽን ቁጭ ብለሽ ጠይቂልኝ። ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው፣ ቦታው አንድ የሆነ፣ እየባሰ የሚሄድ የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም አላቸው? ሌትሮዞል ራሱ መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ እሱ ጠዋት ጠዋት እጅና ጉልበት የሚያስር፣ ሲንቀሳቀሱ የሚፈታ ዓይነት ነው። ሳይፈልጉ ከስተዋል? የማይለቅ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በቀኝ ጎድን በታች ሕመም፣ የራስ ምታት አለ? ጠባሳው ዙሪያ ወይም ብብት ስር አዲስ ጉብታ አለ? እናቶቻችን እኮ ለልጅ አይናገሩም፣ «ደህና ነኝ» ብለው ያልፉታል። ሲነሱ ሲቀመጡ እያየሽ ጠይቂ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ድጋሚውን ምርመራ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪማቸው ሂዱ። እሱ ሲቲ ስካን ወይም የአጥንት ስካን ያዝዛል። ምንም ከሌለ ድጋሚውን ጠብቁ። ሌትሮዞሉን ግን እናንተ እንዳታቋርጡት፤ በአንድ ቁጥር ምክንያት መድኃኒት አይቆምም፣ አይቀየርምም።

ምናልባት «ታዲያ በየሦስት ወሩ ብናሰራው ቶሎ አይያዝም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማዋለሁ። መልሱ ለመስማት ይከብዳል። በ1994 ጣሊያን ውስጥ የተሰሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታተሙ፤ ሁለቱ ላይ ከ2,500 በላይ ሕክምና የጨረሱ ሴቶች ነበሩ። ግማሾቹ ሳያማቸው በራጅና በአጥንት ስካን ቶሎ ቶሎ ተመረመሩ፣ ግማሾቹ በሐኪም ታይተው ማሞግራም ብቻ ተነሱ። በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልነበረም። የተሰራጨን ካንሰር ምልክት ሳይሰጥ ጥቂት ወራት ቀድሞ ማወቅ ዕድሜ አላስረዘመም። የጭንቀቱን ወራት ግን ያስረዝማል፣ እናንተም ያያችሁት ነው። ለዚህ ነው ምልክት የሌላትን ሴት በሲኤ 15-3 መከታተል የማይመከረው። የሚመከረው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወር በሐኪም መታየት፣ በዓመት አንዴ ማሞግራም መነሳት፣ ሌትሮዞሉን ሳያቋርጡ መዋጥ ነው። እኔ የእናትሽ ሐኪም ብሆን ያን 41 መጀመሪያውኑ አላዝዘውም ነበር። ከታዘዘ በኋላ ግን አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም።

ያ ምርመራ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ካንሰሩ መሰራጨቱ በምስልና በናሙና ከተረጋገጠ በኋላ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለማየት እንጠቀምበታለን፣ በተለይ አጥንት ላይ ብቻ ባለ በሽታ፤ አጥንት በስካን ለመለካት ያስቸግራልና። እዚያም ቢሆን ወጥመድ አለው። አዲስ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ቁጥሩ መድኃኒቱ እየሠራ እያለ ሊጨምር ይችላል፤ የሚሞቱት ሴሎች ፕሮቲኑን ስለሚያፈሱት። ያን ጊዜ ደንግጠው የሚሠራ መድኃኒት የጣሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ወንድማችሁ ያለው አዲስ ምርመራ ጋለሪ የሚባለው ይመስለኛል። ከአንድ የደም ናሙና ከ50 በላይ የካንሰር ዓይነቶችን ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም ዕጢዎች ደም ውስጥ የሚጥሉትን የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ነው። ሳይንሱ ደስ ይላል፣ እኔም በጉጉት የምከታተለው ነው። ግን በ2021 በታተመው ጥናት የሁሉም ዓይነት ካንሰሮች ተደምረው በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ካሉት ያገኘው 17 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከ100 ሰዎች 83ቱን አለፋቸው ማለት ነው። አምራቹ ራሱ ማሞግራምን አይተካም ይላል። ለእህትሽ በዚህ ምርመራ ላይ ገንዘብ ማውጣት በሌላ ስም ያንኑ 14 መግዛት ነው። ወንድማችሁን አመስግኑልኝ፣ ያን ገንዘብ ግን ለአልትራሳውንድ፣ ለናሙናና ለፓቶሎጂ ይላክ።

የዲኤንኤ ቁርጥራጩ ምርመራ በእውነት የጠቀመበት ቦታ ሌላ ነው፣ በተሰራጨ ካንሰር ላይ። እንደ ሌትሮዞል ባሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ የታከመ ካንሰር ኢኤስአር1 የሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ አምጥቶ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ይህ ለውጥ በደም ይታያል። በጥር 2023 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤላሴስትራንት የሚባል ክኒን ሲፈቅድ ጋርዳንት360 የተባለውን የደም ምርመራ አብሮ ፈቀደ፣ ማን ክኒኑን እንደሚወስድ እንዲለይ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ለእናትሽ ግን አሁን አይደለም፤ በሽታው ተመልሶ፣ ተሰራጭቶ፣ የሆርሞን መድኃኒቱን አልፎ ሲያድግ ነው የሚጠየቀው።

ስለ ራስሽ አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን ልጠይቅሽ። የእህትሽ ናሙና ካንሰር ቢሆን፣ አያድርገውና፣ ቤታችሁ ውስጥ እናትና ልጅ ታመዋል ማለት ነው፣ አንዷ ያውም በ36። ያኔ ብራካ1 እና ብራካ2 የሚባሉትን ዘረመሎች ስለመመርመር ማውራት ይገባል። በ1990 ሜሪ ክሌር ኪንግ የምትባል አሜሪካዊት ሳይንቲስት ብራካ1 በክሮሞዞም 17 ላይ እንዳለ አሳየች፤ ዘረመሉ ራሱ በ1994 ተገኘ፣ ብራካ2 በዓመቱ ተከተለ። ይህም በደም ይሠራል፣ ግን ካንሰር አለ የለም አይልም። ወደፊት የመያዝ ዕድልሽን ነው የሚናገረው። ከጡት ካንሰሮች በዘር የሚመጡት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ምርመራው የሚጀመረውም ከታመመችው ነው፣ ከአንቺ አይደለም፤ እሷ ላይ ለውጡ ከተገኘ ያንኑ ለውጥ አንቺ ላይ መፈለግ ቀላል ይሆናል። እስከዚያው ዕድሜሽ 40 ካለፈ ማሞግራም ተነሺ። በአገራችን ቤት ለቤት እየጠራ የሚያስነሳ ፕሮግራም የለም፣ ራስሽ ነሽ የምትሄጂው።

አንድ የደም ምርመራ ግን በፍጹም እንዳትንቁ። እህትሽ ኬሞ የሚያስፈልጋት ከሆነ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የሚሰራው ተራ የደም ቆጠራ ነው፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል። ርካሽ ነው፣ ሁሉም ጋ ይሠራል፣ ሕይወት ያተርፋል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛት የለም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ።

አሁን ዋናው የእህትሽ ቀጠሮ ነው። አብረሻት ሂጂ፣ ብቻዋን ከሄደች ከበር ልትመለስ ትችላለች። የአልትራሳውንዱ ወረቀት መጨረሻ ላይ ባይራድስ የሚል ቃልና የጥርጣሬውን መጠን የሚያሳይ ቁጥር ይኖራል። 4 ወይም 5 ከሆነ ናሙና ሳይወሰድላት ከዚያ ግቢ አትውጡ፣ ቢያንስ የናሙናውን ቀጠሮ ይዛችሁ ውጡ። 3 ከሆነም ከእናታችሁ ታሪክ ጋር ናሙና ይወሰድ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱ ሲደርስሽ ስሟን ሸፍነሽ ሙሉውን ጻፊልኝ፣ የእናትሽንም ድጋሚ ቁጥር ከላብራቶሪው ወሰን ጋር ጨምሪበት።